ከለንደን ድሃ ሰፈር እስከ አዲስ አበባ፦ የፓንክረስት ቤተሰብ የኅትመት ታሪክ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከእናቶቻችን አንዷ ተነስተው የጠየቁትን አልረሳነውም። «ለዚህች መጽሔት ወረቀትና ፎቶ ኮፒ የሚወጣው ገንዘብ ለአንዲት ችግረኛ አባል የበግ መግዣ ብድር አይሆንም ነበር ወይ?» ነበር ያሉት። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዘው እኛም ወጪውን በመዝገብ ባሰፈርን ቁጥር ይኸው ሐሳብ ይመጣብናል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል። እስከዚያው ለመመካከሪያ ይሆነን ዘንድ ከአገራችን ጋር የተሳሰረ የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህ ቤተሰብ በእናት፣ በልጅ፣ በልጅ ልጅና በልጅ ልጅ ልጅ ጋዜጣ ሲያሳትምና መጽሐፍ ሲጽፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ከሥራው የሚበልጠው ደግሞ ስለ እኛ አገር ነው።

እናትና ሴቶች ልጆች

ታሪኩ የሚጀምረው ማንችስተር በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ነው። ወይዘሮ ኤምሊን ፓንክረስት ባለቤታቸው የሕግ ባለሙያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1898 ባለቤታቸው በድንገት ሲሞቱ ለወይዘሮዋ የቀራቸው ልጆችና ዕዳ ነበር። ልጆቻቸውን ለማሳደግ ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ ገብተው በመዝጋቢነት ሠሩ። በዚያ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ያዩት የድሃ ሴቶች ኑሮ ልባቸውን እንዳጠነከረው ኋላ ተናግረዋል። በ1896 ዓ.ም በመኖሪያ ቤታቸው ሴቶችን ሰብስበው ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ጋዜጣ አስፈለገው። የዘመኑ ትልልቅ ጋዜጦች ስለ ሴቶቹ የሚጽፉት ለፌዝ ነበርና። ስለዚህ ሴቶቹ ራሳቸው አሳተሙ፣ ራሳቸው በመንገድ ላይ ቆመው ሸጡ። ታስረዋል፣ እስር ቤት ውስጥ ምግብ አንበላም ሲሉም በቱቦ በግድ ተመግበዋል። ጋዜጣቸው ግን መውጣቱን አላቆመም።

ከልጆቻቸው ሁለተኛዋ ሲልቪያ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 ተወለዱ። የተማሩት ሥዕል ነበር፤ የማኅበሩን ዓርማና ሰንደቅ የሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶች ኑሮ ሥዕሉን አስጣላቸው። ከእናታቸውና ከታላቅ እህታቸው ጋር የተለያዩትም በዚህ ነው። እናትየው ማኅበሩ ጉልበትና ገንዘብ ያላቸውን ሴቶች ይዞ በምርጫ መብት ላይ ብቻ እንዲያተኩር ፈለጉ። ሲልቪያ ደግሞ ልብስ የምታጥበውና ክብሪት ፋብሪካ የምትውለው ሴት ትቅደም አሉ። በ1906 ዓ.ም «የሴቶች ድሬድኖት» የሚባል የራሳቸውን ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረቱ። ድሬድኖት የዘመኑ የጦር መርከብ ስም ነው፤ የቃሉ ፍቺ «ምንም አትፍራ» እንደማለት ነው።

ጋዜጣውና ወጥ ቤቱ

በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ባሎች ዘመቱ፣ የእህል ዋጋ ናረ፣ ሴቶች ተቀጥረው የሚሠሩባቸው ፋብሪካዎች ተዘጉ። ለዘማች ሚስት ይከፈላል የተባለው ገንዘብ በጊዜው አይደርስም ነበር። ጦርነት ያየን ሁላችን ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አንፈልግም።

የሲልቪያ ማኅበር ያኔ ያደረገው ነገር ከእኛ ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ምግብ በተሠራበት ዋጋ ብቻ የሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ሥራ ያጡ ሴቶች የሚቀጠሩበት የአሻንጉሊት መሥሪያ አቋቋሙ። አንድ መጠጥ ቤት ተከራይተው ሕፃናት የሚውሉበት ቤት አደረጉትና «የእናቶች ክንድ» ብለው ሰየሙት። ጋዜጣው ደግሞ ገንዘቧ የተከለከለችውን ሴት ደብዳቤ፣ የሠፈሩን የዳቦ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩን ጭማሪ እያወጣ ሹማምንቱ ዘንድ እንዲደርስ ያደርግ ነበር።

እዚህ ላይ ሂሳቡን እንመልከት። ወጥ ቤቱ ድስት፣ ጋዜጣው ወረቀት ይፈልጋል፤ ሁለቱም ከአንድ ከረጢት ነው የሚወጣው። የማኅበሩን ገንዘብ ትይዝ የነበረችው ኖራ ስማይዝ የምትባል ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችውን ሀብት ብዙውን ለዚህ ማኅበር አውጥታዋለች። ሰጪዋ እጇን ስትዘረጋ ሥራው ይሮጣል፤ እጇ ሲያጥር ግን አብሮ ያጥራል። ጋዜጣው በኋላ «የሠራተኞች ድሬድኖት» ተብሎ ስሙ ተለወጠ። ሲልቪያም በውስጡ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ለወራት ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጋዜጣው ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ። በእንግሊዝ ሕግ የመምረጥ መብት በ1910 ዓ.ም ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነና ንብረትን የሚመለከተውን መስፈርት ላሟሉ ሴቶች ተሰጠ። ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል የሆኑት በ1920 ዓ.ም ነው። እናትየው ኤምሊን ያረፉትም በዚያው ዓመት ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም

ሲልቪያ ከዚያ በኋላ ዉድፎርድ በሚባል ከለንደን ወጣ ያለ ሠፈር ይኖሩ ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት ሲልቪዮ ኮሪዮ ከኢጣሊያ የተሰደዱ ጋዜጠኛ ሲሆኑ የማተሚያ ቤት ሙያም ነበራቸው። በ1920 ዓ.ም ሪቻርድ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። ሲልቪያ ጋብቻ አንፈጽምም በማለታቸው ከእናታቸው ጋር ሳይታረቁ ቀርተዋል። ይህን የምንጽፈው የሰው ገመና ለመግለጥ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ያ ቤት ማተሚያም ማደሪያም እንዲሆን ያደረጉት በምን ዓይነት ብቸኝነት ውስጥ እንደነበረ ለማሳየት ነው።

በ1928 ዓ.ም የፋሽስት ጦር አገራችንን ወረረ። እኛ በዚህ በግራና ለተወለድነው ያ ዘመን የሩቅ ታሪክ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦራችን ከተፈታ በኋላ ጠላት በቆቦና በወልድያ አድርጎ ወደ ደሴ ወረደ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ያ ሁሉ መትረየስና ካሚዮን ያለፈው ዛሬ እኛ ለገበያ በምንመላለስበት አገር በኩል ነው። ከሰማይ የሚወርደውን የመርዝ ጋዝ የሽማግሌዎቻችን ወላጆች በዓይናቸው አይተዋል።

ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ በፈረንጆች ሜይ 5 ቀን 1936። ሲልቪያ 54 ዓመት የሞላቸው በዚያ ቀን ነበር። የአዲሱ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም የያዘውም ይህንኑ ቀን ነው። ስሙን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» አሉት፤ «አዲስ ጊዜና የኢትዮጵያ ዜና» እንደማለት ነው። ሌሎቹ ጋዜጦች ኢትዮጵያ አበቃላት ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ወሬ ሲያዞሩ ይህ ጋዜጣ በዚያው ቀን ጀመረ።

በየሳምንቱ የአርበኞች ዜና፣ የመርዝ ጋዙ ማስረጃ፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ወሬ ይወጣበት ነበር። ጋዜጣው ከእንግሊዝ አልፎ በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ባሉ ጥቁር ሕዝቦች እጅ ገብቷል። ሲልቪያ በዚያው ሠፈር በቦምብ ቅርጽ የተጠረበ ከአየር የሚደረግን ጦርነት የሚቃወም የድንጋይ ሐውልት አስቁመዋል፤ ዛሬም እዚያው አለ። ናዚ ጀርመን እንግሊዝን ስትይዝ ወዲያው ይታሰሩ ብላ ባዘጋጀችው የስም ዝርዝር ውስጥ የእርሳቸውም ስም ተገኝቷል። አንዲት ያረጀች ሴት በመኖሪያ ቤቷ የምታዘጋጀው ጋዜጣ ይህን ያህል ያስፈራ ነበር ማለት ነው።

በመዝገብ ያልገባው ወጪ

ጋዜጣው የቆየው 20 ዓመት ነው። በየሳምንቱ አንድ ብለን ብንቆጥር ወደ 1,000 እትም ይጠጋል። በጦርነቱ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ወረቀት በራሽን ነበር። ገቢው ከደንበኞችና ከደጋፊዎች የሚመጣ መዋጮ ነበር።

ሂሳብ ተምረን እንደወጣን ስለ ወጪ ስናስብ ደረሰኝ ያለውን ብቻ ነበር የምንቆጥረው። ይህ ቤተሰብ ግን ሌላ ነገር አስተማረን። ሲልቪያ የሚጽፉበት፣ ኮሪዮ ኅትመቱን የሚያዩበት፣ ልጁ ሪቻርድ በጋዜጣ ክምር መካከል ያደገበት ጊዜ በየትኛውም የወጪ ማዘዣ ላይ ደመወዝ ተብሎ አልሰፈረም። በእኛም ማኅበር ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው፣ ደረሰኝ የምትቆርጠው፣ መጽሔቷን ከመርሳ አሳትማ በባጃጅ የምታመጣው እህት ድካም የትም አልተመዘገበም። ሥራው ርካሽ መስሎ የሚታየን ዋናው ወጪ ስለማይታይ ነው።

ጋዜጣው ከወሬ ያለፈ ሥራም ሠርቷል። ለንደን ውስጥ ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። እንዲሁም ከነፃነት በኋላ እንግሊዝ በኦጋዴንና በኤርትራ ጉዳይ የያዘችውን አቋም ሲልቪያ በራሳቸው መንግሥት ላይ ተነስተው በትናንሽ መጻሕፍት ሞግተዋል።

ላሊበላ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1955 ሲልቪያ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ የኢትዮጵያን የባህል ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ አወጡ። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው የአሳታሚ ስም «ላሊበላ ሃውስ፣ ዉድፎርድ ግሪን» ይላል። ላሊበላ የእኛው የሰሜን ወሎ ላሊበላ ነው። የወሎ ስም በእንግሊዝ አገር የአንድ አሳታሚ ቤት ስም ሆኖ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ታትሟል ማለት ነው።

ኮሪዮ በ1946 ዓ.ም ስላረፉ ቤቱ ጎድሎ ነበር። በ1948 ዓ.ም መጨረሻ ሲልቪያ በ74 ዓመታቸው ጋዜጣውን ዘግተው፣ ዕቃቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ጋር ለመኖር ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅባቸው ጡረታ ነበር። እርሳቸው ግን በ1949 ዓ.ም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚባል አዲስ መጽሔት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ እትሞች አንዱ ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ድሮ የአርበኞችን ዜና ያወጡ የነበሩት ሴት አሁን ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ጥንት አብያተ ክርስቲያናት መጻፍ ያዙ።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በክብር ተቀበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ሲልቪያ ከቤተ መንግሥቱ ጋር በጣም የተወዳጁ ስለነበሩ መንግሥትን ከመመርመር ይልቅ ማመስገን ያበዛሉ ተብለው ተወቅሰዋል። ወቀሳው መሠረት አለው። የሚያመሰግን ጽሑፍ ብቻ የሚወጣበት አገር ምን እንደሚሆን እኛ ወሎዬዎች በ1965 እና በ1966 ዓ.ም አይተናል። ሰው በየመንገዱ በረሃብ እያለቀ ወሬው ተሸሽጎ ነበር። የእኛም መጽሔት የተከፋፈለውን ብድር እየዘረዘረች ያልተመለሰውን የምትዘልል ከሆነ ወረቀቱ በእውነትም ለበግ ቢውል ይሻላል።

ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጆች

የቤተሰብ ሥራ የሚፈተነው መሥራቹ ሲሞት ነው። ስንት ሱቅ፣ ስንት ወፍጮ ቤት ከባለቤቱ ጋር ሲቀበር አይተናል። ይህኛው ግን አልተቀበረም። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»ን ልጃቸው ሪቻርድና ምራታቸው ሪታ ተረክበው ለተጨማሪ ዓመታት አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ የሪቻርድ የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ መግቢያ በዚያው በላሊበላ ሃውስ ስም ታተመ። ሪቻርድ በ1955 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ። ሪታ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ያገለገሉ ሲሆን ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ታሪክም ጽፈዋል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዷ ትሰንዳለች፤ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲገኙ የተጻፈው አይጠፋም።

የእኛን አካባቢ በቀጥታ የሚነካ ሌላም ጉዳይ አለ። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር እዚሁ ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ከወጋ በኋላ በአምባው ላይ የነበረውን ቅርስ ዘረፈ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከተወሰደው መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ነበሩ። ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ በራሳቸው አገር ላይ ለዓመታት ተሟግተዋል። በ1997 ዓ.ም ከሮም ለተመለሰው የአክሱም ሐውልትም ከታገሉት አንዱ ናቸው። አንዱ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ወሰደ፣ ሌላው መጽሐፍ ይመለስ አለ። ሪቻርድ በ2009 ዓ.ም፣ ሪታ በ2011 ዓ.ም አረፉ።

አሉላና ሄለን የሚባሉት ልጆቻቸውም ጸሐፊዎች ናቸው። አሉላ ከ1977 ዓ.ም ድርቅ በኋላ ከወሎ ተነስተው ወለጋ የሰፈሩ ገበሬዎችን ኑሮ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእኛ መካከል በዚያ ሠፈራ ዘመዱን ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ሄለን በዚያው ዓመት በመንዝ ገጠር ሴቶች ኑሮ ላይ የጻፉት መጽሐፍ ወጥቷል። ከማንችስተሯ መዝጋቢ እናት ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛው ትውልድ መሆኑ ነው።

ይህ የፈረንጅ ብቻ ነው እንዳይባል የራሳችንንም እናስታውስ። በየቤታችን ግድግዳ የተለጠፈውን የሀሁ ገበታ ያሳተሙት የቡልጋው ተወላጅ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ብዙዎቻችን ፊደል የቆጠርነው አንድ ሰው ፊደልን አትሞ ለሕዝብ ላዳርስ ብሎ በመነሳቱ ነው።

የእኛ መዝገብ

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቢሯችን ያለው ወረቀት ሁሉ ተበተነ። የቀረልን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከእናቶቻችን አንዷ የቁጠባውን መዝገብና የተወሰኑ የመጽሔታችንን እትሞች በፌስታል ጠቅልለው ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ስንመለስ እያንዳንዷ አባል ስንት ብር እንዳላት ያወቅነው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ስለ ብሩ ነገረን። መጽሔቶቹ ደግሞ መዝገብ የማይነግረውን ነገሩን፦ ማን ከማን ጋር እንደጀመረች፣ ብድሩ ለምን እንደተወሰደ፣ በዚያ ክረምት ከመካከላችን ያጣናቸው እናቶች ምን ብለው እንደነበር። ዛሬ የእነዚያ እናቶች ልጆች የእናታቸውን ቃል የሚያገኙት እዚያ ገጽ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

በዚህ መነሻ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የመጽሔቷ ወጪ ከቁጠባና ከብድር ገንዘብ ፈጽሞ ተለይቶ በራሱ አርዕስት ይያዝ፤ ገቢዋም ከአባላት በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰበሰብ አነስተኛ መዋጮ ይሁን። ባለ ሀብት ፍለጋ አንሂድ፤ በአንድ ሰው እጅ የቆመ በአንድ ሰው እጅ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ አዘጋጇ ከሁለት አባላት ያላነሰች ትሁን፤ አንዷ ብትታመም ወይም ብታገባና ከአገር ብትሄድ ሌላዋ ትቀጥል። ወጣቶቻችንን ከአሁኑ እናስገባ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ እትም ሦስት ቅጂ በሦስት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። ጎታ አንዴ ያወጣናል፤ ሁልጊዜ አያወጣንም።

የበጉን ጉዳይም አስልተነዋል። የአንድ ዓመት የመጽሔት ወጪ እውነትም ለአንዲት አባል ብድር ይበቃል። ስለዚህ እናታችን የጠየቁት ልክ ነው፤ ወጪው ቀላል አይደለም። እኛም ዋጋ የለውም አንልም። የምንለው፣ በጓ በዓመቱ ወልዳ ብድሯ ሲመለስ፣ እንዴት እንደተመለሰ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር ነው። ቅሬ ስንቀመጥም ሆነ ቡና ላይ ስንሰባሰብ በዚህ ተነጋገሩበትና በጉባኤው ቀን ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ። የምትቃወሙም ተቃውሟችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።